የጋሽ ሪድዋን ቂምና የሐጂ በክሪ ስኳር

ስለ ምግብ ምክር የማይሰጥ ሰው ካወቃችሁ ቤቱን አሳዩኝ፤ ሄጄ ልዘይረው። ድሮ ሰው ሲታመም የሚናገረው ሐኪሙ ነበር፤ ሐኪሙን ሲያቅተው ደግሞ ሼኩ። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ጠዋት አንዱ በስልኬ ብቅ ብሎ እንቁላል የልብ ጠላት ነው ይለኛል፤ እኔም ደንግጬ የቀረበልኝን እንቁላል ወደ ባለቤቴ እገፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሌላው፣ ክንዱ እጅጌውን ሊተረትር የደረሰ ጎረምሳ፣ እንቁላል የማይበላ ሰው በቁሙ የሞተ ነው ብሎ ይምላል። ይህን ስሰማ እንቁላሌን ብፈልግ ባለቤቴ በልታዋለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወርደው፣ የስፌቱ ጩኸት «መኪና ግርግር» ባሰኘው መንገድ ላይ ተቀምጬ ጸጉሬ ሸብቷል። አባቴም ከወሎ መጥቶ እዚሁ ቦታ ላይ ነው የሰፋው። ሐኪም የሰውን ሆድ በመሣሪያ ያያል፤ እኔ በሜትር እለካለሁ። ማን ሰርግ ሲያዘወትር እንደከረመ፣ ማን ከሚስቱ ተኳርፎ ሆቴል እንደሚበላ ወገቡ ይነግረኛል። እና ይህን ሁሉ ወገብ ለክቼ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ምግብና ጤና ተጋብተዋል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን እንደ ብዙ ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ አይነጋገሩም። ፈጢራዋን በማርና በቅቤ እያራሰች ያረጀች ጎረቤት አለችኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ከሰላጣ በስተቀር የማይቀምሰው ልጇ ግን የቤቱን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። እንግዲህ ምን ትላላችሁ?

«አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ እንዳሻን እንብላ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። አልወጣኝም። እኔ የምላችሁ ሰው የሚበላው ሆዱ ስለጠየቀው ብቻ አይደለም ነው። ጎረቤቱ ስለጠየቀውም ይበላል። ይህን ያስተማሩኝ ሐጂ በክሪ ናቸው።

ሐጂ በክሪ ጊደር መጋላ ቅመም ይነግዳሉ። «ሐጂ» የተባሉት ገና ሐጅ ሳያደርጉ ነው። «ለከርሞ ኢንሻአላህ እሄዳለሁ» ሲሉ ስለኖሩ ጀማዓው መጠበቁ ሰለቸውና ማዕረጉን አስቀድሞ ሰጣቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን አመድና ዱቄት አይለይም፣ የመጣለትን ይናገራል። ያው ምላስ ደግሞ ጣፋጭ ይወዳል። ሐጂ በክሪ ሻይ ይጠጣሉ ማለት ያስቸግራል፤ ስኳሩን በሻይ ያርሱታል ቢባል ይቀላል። ከመግሪብ በኋላ ሙሸበክ፣ ያ በዘይት ተጠብሶ ሽሮፕ የሚጠጣው የሐረር ጣፋጭ፣ ካልቀመሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ዘንድሮ ጉዞው ተሳካ። ተመዘገቡ፣ ፓስፖርቱ ወጣ፣ የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። እሱም ሲደረግ ስኳራቸው ሰማይ ጥግ ደርሶ ተገኘ። ዶክተሯ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ቀጭን ልጅ ናት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እግር መንገድ እንዲህ ሆነው ቢሄዱ ይወድቃሉ አለቻቸው። ስኳሩ ካልወረደ ወረቀቱ ላይ እንደማትፈርምም ቁርጡን ነገረቻቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ሩቂያ ያን ቀን ስኳሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ቤቱ ውስጥ ቅቤ የሌለው ገንፎና ዘይት ያልነካው ጎመን ነገሠ። ዐረፋ ሲቃረብ በግ ይቀለባል፤ በዚያ ቤት ግን በጉ እየሰባ ጌታው ጎመን ሲግጡ ከረሙ። ሐጂ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረሙም። በቀጠሮው ቀን ኩራት ተሰምቷቸው ሄዱ። ስኳሩ ጨምሮ ጠበቃቸው።

ዶክተሯ ግራ ገባት። ከቤት ውጭ የሚበሉት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው።

«ኧረ በአላህ! ውጭ መች በላሁ?» አሏት። «ይቅርታ ነው የጠየቅኩት።»

እሷ አልገባትም፤ የከተማው ሰው ግን ወዲያው ገባው። ለሐጅ የሚነሳ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ብድግ አይልም። ያስቀየማቸውን ሰዎች ሁሉ ቤት ለቤት ዞሮ «አውፍ በሉኝ» ይላል። ዕድሜ ልኩን በርበሬ ሲያስመርጥ የኖረ፣ ያውም እንደ ሐጂ በክሪ ያለ ምላስ የተሰጠው ሰው ስንት ቤት እንደሚደርሰው እናንተው ገምቱት። እኛ ዘንድ ደግሞ አውፍ በደረቁ አይባልም። «አውፍ ብያለሁ» ያለ አፍ ተከትሎ «ቅመስ» ይላል። የቀረበለትን ያልቀመሰ እንግዳ ይቅርታውን ናቀ ማለት ነው፤ ይቅርታውን ከናቀ ደግሞ ለዚያ ሌላ አውፍ ሊጠይቅ ነው። ስለዚህ ሐጂ አንዱ ቤት ሐልዋ፣ አንዱ ቤት ፈጢራ በማር፣ አንዱ ቤት ወተት ሻይ ከነስኳሩ እየተቀበሉ፣ በቢስሚላህ እየጎረሱ፣ ነፍሳቸውን ሲያጸዱ ሰነበቱ። እኔም ጋ መጥተዋል። ሸሚዙን አጠበብክብኝ ብለው ደንበኛ ፊት ጮኸውብኝ ያውቁ ነበር። ከልቤ ይቅር ማለቴን በባዶ ሻይ እንዴት አድርጌ ላሳያቸው? ሙሸበክ አስመጣሁላቸው።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። የሰውዬው ኃጢአት በቀነሰ ቁጥር ስኳራቸው ይጨምር ነበር።

ዶክተሯ አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። በዚያን ዕለት ሱቄ መጥተው ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ዘፍ አሉ። ሁልጊዜ ሳይቀልዱ አይቀመጡም ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አባቴ ሲመኝ ሞተ። እናቴም ሲያምራት ሞተች» አሉኝ። «እኔ በሙሸበክ ልቅር?»

የስፌት መኪናዬን አቆምኩና ስንት ቤት እንደቀራቸው ጠየቅኳቸው። አንድ ብቻ አሉኝ። ስሙን እስኪጠሩት አልጠበቅኩም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የጋሽ ሪድዋን ቤት ነበር።

ጋሽ ሪድዋን ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ የሚኖሩ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ከሐጂ በክሪ ጋር በአንድ ሉህ፣ በአንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ ቁርአን መቅራት የተማሩ፣ አንዱ ካልበላ ሌላው የማይጎርስ ጓደኛሞች ነበሩ። ያጣላቸው ሩዝ ነው። ጋሽ ሪድዋን የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ሐጂ የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ፤ ሩዙ ቀረበ፤ አንዴ ጎረሱ፤ አኘኩ፤ ያ ምላስ ነሸጠውና ቤት ሙሉ ሰው ፊት «ሩዙ ጥሬ ነው» አሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ሐረሪን ቤቱ ፈረሰ ብትሉት መልሶ ይሠራዋል፤ የሰርግህ ሩዝ አልበሰለም ካላችሁት ግን በምን ይጠግነዋል? ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ወልዳ፣ የወለደቻቸው ለአቅመ አዳም ደርሰው፣ ሁለቱ ሰዎች ግን ሰላም አይባባሉም ነበር። መስጊድ እንኳ ሰልፋቸው ለየቅል ነው።

ኢማሙ መጠየቁ ካንተ ይበቃል፣ ልብን የሚያውቀው አላህ ነው ብለዋቸው ነበር። ሐጂ ግን ለሩዝ ብለው ሐጃቸውን እንደማያጎድሉ ነገሯቸው። ብቻቸውን መሄዱ ስለከበዳቸው እኔን አስከትለው ወረድን።

ጋሽ ሪድዋን በር ከፍተው አስገቡን፤ እንግዳ አይመለስም። የቀረበልን በጨው የፈላ የቡና ገለባ ነበር። ለካ እሳቸውም ስኳር ካለባቸው ቆይተዋል፤ ያ ቤት ጣፋጭ የሚባል ነገር አያውቀውም። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሪድዋን፣ ሐጅ ልሄድ ነው። አውፍ በለኝ።»

ጋሽ ሪድዋን ፍንጃላቸውን አስቀመጡ። «አልልህም» አሉ። «ነገ ና።»

ሐጂ ፍም እሳት መስለው ወጡ። ይህን ያህል ቤት ዞረው እምቢ ያላቸው ሰው አልነበረም። ዳገቱን ወደ ጊደር መጋላ ስንወጣ ቅመም ነጋዴው ሁሉ ሰላም ሲላቸው አልሰሙም። በነጋታው ግን ሄዱ። «ነገ ና» ተባሉ። በማግስቱም ሄዱ፣ ከዚያም ወዲያ ሄዱ። በዚያ ቀጭን መንገድ ባጃጅ አይገባም። ከቤታቸው በእኔ በር አልፈው ኤረር በር ድረስ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት፤ በመሐል አንድ ፍንጃል ጨው። ይቅርታ ከሌለ ደግሞ ቅመስ የለም። መንገድ ላይ ሌላ ቤት ግቡ ሲባሉ ንዴቱ ሆዳቸውን ዘግቶታል። ማታ ማታ ሙሸበክ ሲያዩ ጋሽ ሪድዋን ትዝ እያሏቸው ምራቃቸው ይደርቃል አሉ፤ ይህን የነገሩኝ እትዬ ሩቂያ ናቸው፣ እየሳቁ።

እኔ የማየው ሱሪያቸውን ነው። ወገቡን አጠበብኩላቸው፤ ጥቂት ሰንብቶ እንደገና መጣ። አንድ ቀን ያጠበብኩትን ሱሪ ላደርስላቸው ኤረር በር ወርጄ የጋሽ ሪድዋን ቤት ደጃፍ ስደርስ ከውስጥ የሁለት ሽማግሌ ሳቅ ሰማሁ። ገርበብ ባለው በር ሳይ ለአንድ ድስት ሩዝ ስንት ጣሳ ውኃ እንደሚበቃ ይከራከራሉ። ሳንኳኳ ሁለቱም ፊታቸውን አኮሳተሩ። ጋሽ ሪድዋን «ነገ ና» አሉ፣ ለእኔ እንዲሰማኝ ጮክ ብለው።

በቀጠሮው ቀን ስኳሩ ወርዶ ተገኘ። ዶክተሯ ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ምን ሲበሉ እንደከረሙ ስትጠይቃቸው ይቅር የማይል ሰው አግኝቼ ነው አሏት። አሁንም አልገባትም፤ ግን ፈረመች።

የመነሻቸው ዋዜማ ጋሽ ሪድዋን ከዘራቸውን ይዘው ዳገቱን ወጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሐጂም እዚያው ነበሩ፣ ለመንገድ የሚሆን ቦርሳ እያሰፉ። የሐጅ ልብስ መርፌ አይነካውምና እኔ ከዚህ ጉዞ የደረሰኝ ቦርሳ ብቻ ነው። ጋሽ ሪድዋን ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ሙሸበክ አወጡ። ለሁለት ገመሱት። «አውፍ ብዬሃለሁ» አሉና ግማሹን ለሐጂ አጎረሱ፤ ግማሹን ራሳቸው በሉ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም፤ መኪናዬን እየረገጥኩ ባዶ ጨርቅ ሰፋሁ።

ሐጂ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ሪድዋንን ጠየቅኳቸው፤ ያ ሁሉ «ነገ ና» ለስኳሩ መድኃኒት አስበው ነበር ወይ? ሳቁብኝ።

«የምን መድኃኒት? በመጀመሪያው ቀን ቂሜ የእውነት ነበር» አሉኝ። «በኋላ ግን አውፍ ካልኩት አይመጣም ብዬ ፈራሁ።»

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ሰው ከሐጅ ይመለሳል። ሐጂ በክሪ አልሐምዱሊላህ በደህና ተመለሱ፤ አሁን እውነተኛ ሐጂ ናቸው። ከተማው ሊዘይራቸው ጎረፈ። እንግዳው ሐልዋ ይዞ ይገባል፤ እሳቸው ከመካ ያመጡትን ተምር ያቀርባሉ፤ «አንድ ፍሬ አብረውን ይቅመሱ» ይባላሉ። እንግዲህ ሐጂን ያህል ሰው የመካን ተምር እምቢ ይበል? እትዬ ሩቂያ የሳጥኑን ቁልፍ እንደያዙ ሱቄ መጡ። ስኳሩ ተመልሶ ወጥቷል። ምክር ፈልገው ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሥራውን ጨርሰው ነው የመጡት። ጠዋት ኤረር በር ወርደው ጋሽ ሪድዋንን ይቅርታውን እንዲመልሱላቸው ለምነዋል።

«እና ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«በባዶ ሜዳ እንዴት እቀየማለሁ? ምክንያት ልፈልግ አለኝ።»

በጁምዓው ለሐጂ የመመለሻ ድግስ ተደረገ። ቤቱ ሞላ፤ ጋሽ ሪድዋን የክብር ቦታ ተሰጣቸው። ትልቁ ትሪ ሩዝ ገባ። ሰው ሁሉ እንዲጀምሩለት ጋሽ ሪድዋንን ያያል። አንዴ ጎረሱ። አኘኩ። ቀስ ብለው ዙሪያውን አዩ።

«ሩዙ ጥሬ ነው» አሉ።

ሐጂ በክሪ የያዙት ጉርሻ ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ ሩቂያ በጓዳው በር ቆመው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ ያለቀሱ መስሎት አዘነላቸው።

በነጋታው ገና የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሳይደርስ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው በሱቄ በር ሲያልፉ አየሁ። ሰላም እንኳ አላሉኝም። ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው፣ ያ ሰውዬ አውፍ በለኝ እስኪላቸው ድረስ በየቀኑ ቤቱ እንደሚሄዱ ፎክረው ቁልቁለቱን ወረዱ። ጋሽ ሪድዋን እንደሆኑ በቅርቡ የሚሉ አይመስለኝም። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ሱሪያቸውን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሩዙን ግን እኔም በልቼ ነበር። ወላሂ፣ በስሏል።