ለጆንያ የሚሆን ጥግ

ሰው መሬቱን የሚነጠቀው በጉልበት ብቻ ይመስለዋል። ጠመንጃ ይዞ የመጣውንማ ዘመድ ጠርተን እንመልሰዋለን። የሚያስቸግረው ባርኔጣውን አውልቆ «ትንሽ ጥግ ብትሰጡኝ» የሚለው ነው። ለእሱ ወንበር እናወጣለን። እኔ አውጥቻለሁ፤ እርስዎም ሳያወጡ አልቀሩም።

ጣልያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ገደማ፣ ቁስቋም አጠገብ ከአባቴ በወረስኩት ግቢ፣ አንዲቷን ክፍል ለህንዳዊ የታሪክ አስተማሪ አከራይቼ ነበር። ስሙ ማቲው ነው፤ እኛ ማቴዎስ አልነው። አማርኛውን ከተማሪዎቹ ስለለቀመው ሽማግሌውንም «አንተ» ይል ነበር፤ ግን ክፋት የለውም።

አንድ እሁድ ጠላ አቅርቤለት፣ እንግሊዝ አገሩን በምን ጦርነት እንደያዘበት ጠየቅሁት። «በንግድ ነው» አለኝ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ንጉሡን ደጅ ጠንተው ለሸቀጣቸው መጋዘን ለመኑ። ቀጥሎ ሌባ አስቸገረን ብለው አጠሩት። አጥሩ ዘበኛ ፈለገ፤ ዘበኛው ወታደር ሆነ፤ ባላባቶቹ ሲጣሉ ወታደሩ ለአንዱ እያገዘ ውለታውን በአገር ተቀበለ። በመጨረሻ ግብር የሚሰበስቡት ነጋዴዎቹ ሆኑ።

ታሪኩ ከልቤ ገባ። ከሚገባው በላይ ሳይገባ አልቀረም። የጎንደር ሰው ካልሆኑ ልንገርዎ፤ እኛ ዘንድ በርስት ክርክር አጥር ማለት ግማሽ ምስክር ነው። ዛሬ ያጠረ ሰው ከዓመታት በኋላ ዳኛ ፊት ቆሞ «ያለማሁት እኔ ነኝ» ይላል። እናም ማቴዎስ በሳምንቱ ከክፍሉ ፊት ቃሪያ ዘርቶ፣ ዶሮ እንዳይጭርበት ዙሪያውን በእሾህ ሲያጥር ባየሁ ጊዜ ደሜ ፈላ። ዘዴውን ራሱ ነግሮኝ ራሱ ሊሠራብኝ!

ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ምነው፣ ለቃሪያ ያጠረ ሰው ምን ያደርግሃል? ሸጋ ሰው ነው፣ ተወው» አለችኝ። ታሪክ የተማርኩት እኔ ነኝና አልሰማኋትም። አስወጣሁት። ሳይከራከር መጻሕፍቱን በአህያ ጭኖ ወደ ቀሐ ሰፈር ወረደ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ክፍሉን ለአቶ አለሙ፣ ለኑግ ነጋዴው፣ ሰጠሁት። «አያ» እያለ አንጀት የሚበላ ሰው ነው። የለመነኝ ክረምቱ እስኪያልፍ ጆንያዎቹን የሚያስጠጋበት ጥግ ብቻ ነበር። ጆንያው ሲበዛ በረቱን ጨመርኩለት። ሌባ አስቸገረኝ ሲል እንዲያጥር ፈቀድኩለት፤ እንጨቱን እንኳ አብሬው ተሸክሜአለሁ። የአገሬ ሰው ስለሆነ የህንዱ ታሪክ ውልም አላለኝ።

የመስቀል ሰሞን ደባርቅ ያለችውን እህቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ግቢዬ በር ላይ የማላውቀው ዘበኛ ቆሟል። ዱላውን አጋድሞ፣ በትሕትና ግን፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

ባለቤቱ ነኝ ማለት አሳፈረኝ። «ማቴዎስ የሚባለውን አስተማሪ» አልኩት።

«እሱን እንኳ ባለቤቱ አስወጡት አሉ፣ አጥር አጠርክ ብለው» አለኝ። «ጠንቃቃ ሰው ናቸው ይባላል።»