ከአቮካዶው ደጅ የተገናኙት መስመሮች

እኛ የሂሳብ አስተማሪዎች የምንታማበት ነገር ብዙ ነው። ሰርግ ቤት ገብተን የወጥ ድስት እንቆጥራለን፣ ለቅሶ ቤት እንኳ «ስለዚህ» ከአፋችን አይጠፋም ይባላል። ይሁን። እኔን የሚከነክነኝ «ልብ የላቸውም» መባላችን ነው። ልብማ አለን፤ የት እንደምናስቀምጠው ነው የሚቸግረን።

እንግዲህ ስሙኝ። ሶዶ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ማርታና ሩት የሚባሉ ሁለት ሯጭ እህትማማቾች ነበሩ። ወደ አትሌቲክስ ማሰልጠኛ የምትሄደው ግን አንዷ ብቻ ናት ተባለ። ፈጣኗ ታናሿ ሩት ናት። ማርታ ደግሞ ዕድሜዋ ሊያልፍ ስለሆነ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። የስፖርት መምህራችን አንጀቱ አልችል ቢለው አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ወደ ሁምቦ በሚወስደው መንገድ ማርታ ቀድማ ትነሳለች፣ ሩት ቆየት ብላ ትከተላለች። ሩት ከመጨረሻው መስመር በፊት ካለፈቻት ሩት ትሄዳለች፣ ካላለፈቻት ማርታ።

ለእኔ ይሄ ከሰማይ የወረደ ምሳሌ ነበር። የልምምድ ፍጥነታቸውን ይዤ ሰሌዳው ላይ ግራፍ ሠራሁ፤ አግድሙ ጊዜ፣ ቋሚው ርቀት። የማርታ መስመር ቀደም ብሎ ይነሳና ቀስ እያለ ይወጣል፣ የሩት ዘግይቶ ይነሳና ሽቅብ ቀጥ ይላል። ሁለቱን ኢኴሽኖች ስንፈታ መገናኛቸው ከመጨረሻው መስመር በፊት ሆነ፤ ያውም እናታቸው አቮካዶ ከምትሸጥበት ደጅ ፊት ለፊት። ክፍሉ አጨበጨበ። ማርታ አላጨበጨበችም። ያኔ ነው ጠመኔው እጄ ላይ የከበደኝ።

ወሬው እኔን ቀድሞ የማርታ እናት ጋ ደረሰ። (ሰፈሩ የሚጠራት በታላቂቱ ስም ነው፤ ሩት በዚህ ተቀድማለች።) በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።

«መምህር፣ ያ ነጥብ ከደጄ ዞር ይበልልኝ። አንዷ ልጄ ሌላዋን ስታልፍ በዓይኔ ማየት አልችልም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? ግራፍ ለሰው ብሎ አይንቀሳቀስም ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። «ነጥቡ ላይ እኮ ገና አልተላለፉም። እኩል ናቸው፣ ጎን ለጎን» አልኳት።

«እንደሱ ከሆነ ይተዉት፣ አይንኩት። እዚያው እቆማለሁ። ከዚያ ወዲያ አንዷ ትሄድብኛለች።»

የውድድሩ ቀን ስሌቴ አልዋሸም። ሩት ማርታ ላይ የደረሰችባት ልክ አቮካዶው ፊት ለፊት ነበር። እናትየው ለማንኛቸውም «በርቺ» አላለችም፤ «ልጆቼ!» ብላ ብቻ ጮኸች። ከዚያ ስሌቴ ውስጥ ያልነበረ ነገር ሆነ። ሩት ማለፏን ትታ ፍጥነቷን ገታች። ማርታ እንባዋ እየወረደ ጨመረች። ትከሻ ለትከሻ ሆነው እስከ መታጠፊያው አብረው ሮጡ። እዚያ ሲደርሱ ማርታ የእህቷን ጀርባ በእጇ ገፋ አደረገቻት፤ ሩትም ሄደች። እኔ? ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብዬ አመካኘሁ።

ሩት ማሰልጠኛ ከገባች በኋላ የሆነውን እንደሆነው ሰሌዳው ላይ ሳልኩት፤ ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፣ ጥቂት አብረው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ።

«ቲቸር፣ ተሳሳቱ» አለኝ አንዱ ጎበዝ። «ሁለት ቀጥታ መስመሮች አንዴ ብቻ ነው የሚገናኙት። እዚህ ጋ ለምን ተጣበቁ?»

ልመልስለት ስል ማርታ ከኋላ ወንበር ቀደመችኝ።

«እማዬ እዚያ ቆማ ነበራ።»

ትክክል ነሽ አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል?