በኤግዚቢት የተያዘው ጨው

ፖሊስ ቤት ውስጥ ከአገልግሎት ዘመን ጋር አብረው የሚያድጉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ማዕረግና ሆድ። ማዕረግ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ኮሚቴ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ዓመታት ይዘገያል። ሆድ ማንንም አያስጠብቅም። የኛ ካምፕ ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሰው ወጡ ላይ ቅቤ ሲጨምር «ለብርዱ ነው» ይላል፣ ሁለተኛ እንጀራ ሲዘረጋም «ለብርዱ ነው» ይላል። ፀሐይ ወጣች ብሎ የቀነሰ ግን እስካሁን አላየሁም። መንገድ ላይ ያገኘህ ሁሉ «ተመችቶሃል!» እያለ ያሞግስሃል እንጂ እውነቱን የሚነግርህ የለም።

እውነቱን የነገረችን አንዲት ነርስ ናት። የፖሊስ ቤተሰቦችን የደም ግፊትና ክብደት ልትለካ ካምፓችን መጣችና ባለቤቴን ወርቅነሽን ለካች፤ ደግማም ለካች። መቶ ሰባ በመቶ አምስት!

«ጨውና ቅቤ ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ከወር በኋላ ተመልሼ እለካዎታለሁ» አለቻት።

ወርቅነሽ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ታላቅ ወንድሟ አንኮበር ውስጥ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወድቆ እስከ ዛሬ ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም። ወርቄ እንደዚያ ሆና ታየችኝና ፈራሁ። ሌላ ባል ቢሆን ሚስቱን ያጽናናል። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በመርማሪነት ያገለገልኩ ዋና ሳጅን ነኝ፤ ስፈራ የማውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው። መዝገብ ከፈትኩ።

ወጥ ቤቱን በሥርዓቱ በረበርኩ። ብርበራ ያለ ምስክር አይሆንምና የባልደረባዬን ሚስት፣ ጎረቤታችንን ጥሩነሽን ጠርቼ በር ላይ አቆምኳት። ጨዉ በወተት ዱቄት ጣሳ፣ እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። «ኤግዚቢት» ብዬ ጻፍኩበት፤ ጥሩነሽ ፈረመች። ልብስ ሳጥናችን ውስጥ ቆለፍኩትና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ቅቤው እንዳይበላሽ ለዚያችው ለጥሩነሽ በአደራ ተሰጠ።

«ሰውዬ፣ ሽሮዬን አሰርከው እኮ!» አለች ወርቅነሽ።

ወር ሙሉ ጨው የሌለው ወጥ ቀረበልን። በየጠዋቱ ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ በእግሯ ትሄዳለች፤ እኔም አቋርጣ እንዳትመለስ በባጃጅ እከታተላታለሁ። ቁጥጥር ማለት ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ነርሷ በቀጠሮዋ ተመለሰች። ወርቅነሽ መቶ ሠላሳ በሰማንያ አምስት! ካምፑ አጨበጨበ። እኔም ስለ ምርመራ ዘዴዬ አጠር ያለች ንግግር ጀመርኩ።

«ሳጅን፣ እርስዎስ? ባለፈው ተረኛ ነኝ ብለው አልተለኩም» አለች ነርሷ።

ለአርአያነት ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መቶ ሰማንያ አምስት በመቶ አሥር ሆነ።

«ጨው ያበዛሉ መሰለኝ።»

«ቤታችን ጨው የለም! ተይዟል፤ ምስክርም አለኝ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ ወርቅነሽ እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን አውልቄ ሰጠኋት። ጥሩነሽ ማንም ሳይጠራት ተከትላን መጥታ በር ላይ፣ ያን ዕለት የቆመችበት ቦታ ቆመች። ሳጥኑ ተከፈተ። እስከ አፉ ሙሉ የነበረው ጣሳ ታቹ ይታያል።

ወርቄ ውኃ ልታመጣ በተነሳች ቁጥር ሳጥኑን ከፍቼ እፍኝ አልወሰድኩም፤ ቆንጠር ነው ያደረግኩት። ያውም ትሪው ላይ በኔ በኩል ብቻ፣ የእሷን ጥግ አንዲት ቅንጣት እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ። ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረዳሁ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል።

«አንተ ለኔ ስትፈራ፣ ላንተ ማን የሚፈራልህ መሰለህ? የወንድሜን ጫማ ሚስቱ ነው የምታስርለት። ያንተንስ እኔ ላስር?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አናዝዣለሁ፤ ያን ቀን ግን ተናዛዡ እኔ ሆንኩና ቁልፉን በገዛ እጄ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት።

አሁን ቁልፉ የእሷ አንገት ላይ ነው። በየጠዋቱ በጫጫ መንገድ አብረን እንሄዳለን፤ እሷ ትቀድማለች፣ እኔ አለከልካለሁ። አቋርጬ እንዳልመለስም ባጃጅ ከኋላ ይከተለናል። ባጃጁ ውስጥ ምስክራችን ጥሩነሽ ተመቻችታ ተቀምጣለች። በአደራ የተቀበለችው ቅቤ ካለቀ ቆይቷል፤ ነርሷ ሁለቴ ስትመጣም «እኔ ደህና ነኝ» ብላ አልተለካችም።