«መጣሁ» ብለው የሚሄዱት ወይዘሮ

በየመሥሪያ ቤቱ «መጣሁ» ብላ የምትሄድ አንዲት ሴት አትጠፋም። የሞጣዋ ክብርት ወይዘሮ ወይንእሸት ይባላሉ፤ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ንግሥት ናቸው።

የሚሄዱት ወደ ቤት ነው። እናታቸው እማሆይ አገሬ ከቢቸና መጥተው እሳቸው ዘንድ ከተኙ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ የግፊት ክኒናቸውን ከልጃቸው እጅ በቀር ከማንም አይቀበሉም። ጎረቤት ብትሰጣቸው «ልትገድይኝ ነው?» ብለው ይተፉታል። በዚህ ላይ ዕድሜ ያመጣው ሙቀት አለ። በሐምሌ ብርድ ድንገት ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ወይዘሮ ወይንእሸት መስኮቱን በርግደው በፋይል ያራግባሉ፤ ባልደረቦቻቸው ጋቢ ይደርባሉ።

ብቻ ፋይል ይጥፋ! «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ጀርባውን አይጥ የበላው» ይላሉ፣ በስልክ፣ እናታቸውን እያጠቡ።

ሹመት ሁለት ጊዜ አምልጧቸዋል። አንዱ ፈተና ልጃቸው ምጥ የያዛት ቀን ዋለ፤ ሌላው እማሆይ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ዕለት። ያን ጊዜ አምላኩ የሚባል ባልደረባቸው ቡድን መሪ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ የክፍል ኃላፊነት ወጣና ተመዘገቡ።

በቃለ መጠይቁ ዕለት ከጠያቂዎቹ አንዱ እሳቸው ራሳቸው ሥራ ያስለመዱት፣ ስጦታው የሚባል ልጅ ነበር።

«እትዬ ወይንእሸት፣ እናትዎን እያስታመሙ ይህን ሁሉ ሥራ እንዴት ይችሉታል?»

«አምላኩን ስትሾሙት ይህን ጠይቃችሁታል? የእሱም እናት አልጋ ላይ ናቸው።»

«የእሱንማ ሚስቱ ታስታምምለታለች።»

«እንዲያ ከሆነ ሹመቱ ለሚስቱ ነበር የሚገባው።»

ሌላው ጠያቂ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ እማሆይ ናቸው። ወይዘሮ ወይንእሸት በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያነሱ ዘጉት።

ሲጨርሱ እየሮጡ ቤት ገቡ። «እማዬ፣ ክኒኑስ?»

«ዋጥኩታ! አንቺ ስልክ ስትዘጊ ምን ላድርግ?»

«ራስሽ?»

«አፍ የለኝም እንዴ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ! ወይዘሮ ወይንእሸት መናደድ ፈልገው ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው።

በሳምንቱ ስማቸው ተለጠፈ። ወንበሩ ላይ በተቀመጡ በወሩ አምላኩ ጢሙን ሳይላጭ በራቸው ላይ ቆመ።

«ፈቃድ ፈልጌ ነበር። ባለቤቴ ሀብትነሽ ሥራ አግኝታ ደጀን ከተማ ሄደች። እናቴን እንግዲህ… የማጥበው እኔ ነኝ።»

ለዚህ ሰው ያዘጋጁት ስንት ነገር ነበር! ቀና ብለው ሲያዩት ዓይኑ ደም መስሏል። ፈቃዱን ፈረሙለት።

«ውሃውን በክርንህ ለካው። ነጠላቸውን ሳትገፍ ከሥር ከሥር እጠባቸው፤ ያፍራሉ። ቢያለቅሱ አታባብላቸው፤ ዝም ብለህ አጠገባቸው ቁጭ በል።»

አምላኩ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፍ ጀመር።

«ቀስ ይበሉልኝ፣ እትዬ» አለ። «ገና ነጠላው ላይ ነኝ።»