የተሰበረው ሉልና የኦርቫል ትቬት መባረር

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2023፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ሰሜን ዳኮታ፣ ኤልስቫንግ መንደር፣ የቀድሞው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ የአሁኑ የመንደሩ ታሪክ ሙዚየም

የተገኙ፦
አቶ ዴልመር ሩድ፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ አርዲስ ስኮገን፣ የዕቃ ክፍል ኃላፊ
አቶ ኦርቫል ትቬት፣ አባል
ሎርና ብሬከ፣ ጸሐፊ
መምህርት ሄልጋ ስቴንሩድ፣ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አራት ነበርን። ሰብሳቢው የሟቿን መምህርት ቀሚስ ለብሳ በሰሌዳው ሥር የቆመችው አሻንጉሊት አምስተኛ እንድትሆን ሐሳብ አቀረቡ። «ስብሰባ ቀርታ የማታውቅ እሷ ብቻ ናት» ስላሉ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የቅቤ መናጫ
ወ/ሮ አርዲስ ሃያ ሦስተኛው መናጫ በስጦታ መምጣቱን አስታወቁ። አቶ ኦርቫል «ታሪካችን ቅቤ ብቻ ነው እንዴ?» ሲሉ፣ «አሥራ አራተኛው የአያትህ ነው፤ ልመልስልህ?» ተባሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መናጫ የሚያመጣ ሁሉ አንድ ይዞ እንዲሄድ በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (መምህርቷ) ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሉሉ
ሰብሳቢው ለተሰበረው ሉል መግለጫ ነገ በናስ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ አነበቡ፦ «ይህን የዓለም ሉል በ1958 የሰበረው ኦርቫል ትቬት ነው፤ በዚህም ከትምህርት ቤቱ ተባሯል።»

ጸሐፊዋ ቃሏ እንዲመዘገብ ጠየቀች፤ መዝጋቢዋ እሷው ስለሆነች ተፈቀደ። ሉሉን በመስኮት የወረወረችው እሷ መሆኗን፣ ኦርቫል ሲባረር ዝም ማለቷን፣ ከዚያም ስልሳ አምስት ዓመት ዝም ማለቷን ገለጸች።

አቶ ኦርቫል አጥብቀው ተቃወሙ። «ተይ እንጂ ሎርና! በዚህ መንደር ያለኝ ዝና እኮ ይሄው ብቻ ነው!» ከረጅም ውይይት በኋላ አቶ ኦርቫል «የክብር ሰባሪ»፣ ጸሐፊዋ «ትክክለኛ ሰባሪ» ተብለው እንዲቀረጹ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ፣ ሰባሪው እሳቸው እንዳልሆኑ ያኔ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቀቻቸው። አቶ ኦርቫል «ስትወረውሪ አይቼሻለሁ። እኔ ብባረር እርሻ አለልኝ፤ አንቺ ግን መጽሐፍ ካጣሽ ምን ይውጥሽ ነበር?» አሉ። ቀጥለውም፣ የከፋቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት የበረዶ ክረምቶች ብቻ እንደነበረ፣ ያኔም እየመጡ ትምህርቱን በመስኮት ያዩ እንደነበር ተናገሩ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ጸሐፊዋ በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የ1958 የትምህርት ቤቱን ቦርድ ቃለ ጉባኤ አውጥታ አነበበች። ለማባረር ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። የመጡት ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛ ሆኖ የተቆጠረው አንዱ አባል ባለፈው ስብሰባ ረስቶት የሄደው ካፖርት ነው። ጸሐፊዋ፣ በዚህ ክፍል ሰው ያልሆነ ነገር ተቆጥሮ የተወሰነ ሁሉ እንዲሻር ጠየቀች። ሰብሳቢው የዛሬውም አብሮ እንደሚሻር አስጠነቀቁ። ጸሐፊዋ እንደምታውቅ መለሰች። ወ/ሮ አርዲስ «ይሄኛውን ራሱንስ በማን ቆጥረን ልንወስን ነው?» ቢሉም «አርዲስ፣ አሁን አይደለም» ተባሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የዛሬውም የ1958ቱም ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተሽሯል። በመሆኑም አቶ ኦርቫል ትቬት እስከ ዛሬ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናቸው።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡20 ሰዓት ተበትኗል። አቶ ኦርቫል በመስኮቱ አጠገብ ካለው ትንሽ ዴስክ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አውጥተው ለመሄድ መምህርቷን ፈቃድ ጠየቁ። መልስ ስላልተሰጣቸው ይህ ሲጻፍ እዚያው ናቸው። ጸሐፊዋም ከጎናቸው ተቀምጣለች።