ጋሽ ፍሬምናጦስና የጨው ወንዙ

በየሰፈሩ አንድ ፊልም ተራኪ አይጠፋም። ፊልሙን ካላየህ ያዝንልሃል፤ አይቼዋለሁ ካልከው ደግሞ ያየኸው ሌላ እንደሆነ ያስረዳሃል። ለእኛ ለልደታ ኮንዶሚኒየም ሰዎች የተመደቡልን ክቡር ጋሽ ፍሬምናጦስ ናቸው፤ ጡረተኛ፣ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የአንድ ፊልም ሊቅ።

አንድ ብቻ። የዛሬ ሃያ ዓመት አብነት ቪዲዮ ቤት ገብተው ያዩት የጃፓን ፊልም ነው። ካርቱን ያልኩ ቀን ተቀየሙኝ። "ካርቱን አትበለው፤ ሕይወት ነው" አሉኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው መሰለኝ። የመንደሩን ሰው ሕልም በጀርባዋ የተሸከመች ቀንድ አውጣ አለች። ጥላዋ የጠፋባት ልጅም አለች፤ ጥላዋ ግን አክስቷ ናት። ንጉሡ ጉም ነው፤ ወይም ጉሙን የበላው ንጉሡ ነው። ስንቴ ሰምቼው ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

ለእሳቸው ግን የሁሉ ነገር መልስ እዚያ ውስጥ ነው። ውሃ ሲጠፋ "ቀንድ አውጣዋስ ምን አለች?" ይላሉ። ባለፈው ጎረቤታችንን ዙሃራንና ባሏን ሺፋን ሊያስታርቁ ተቀምጠው ከአክስትየዋ ጀመሩ። ባልና ሚስቱ ምናልባት አንዳችን ገብቶን እንደሆነ ብለው ተያዩ። ሁለቱም አልገባቸውም፤ ሳቁና ታረቁ። "አየህ፣ ፊልሙ ይሠራል" አሉኝ ጋሽ ፍሬምናጦስ ደረጃውን ስንወርድ።

አንድ ቀን መጨረሻውን ጠየቅኳቸው።

"ቀንድ አውጣዋ የጨው ወንዙ ጋ ስትደርስ መብራት ጠፋ" አሉኝ። "ሳትሻገር አትቀርም። እንዲያው ግን... ተሻግራ ይሆን?"

አንጀቴን በሉት። አይቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ልጄ የአብስራ ፊልሙን ከኢንተርኔት ፈልጋ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፤ እስከ መጨረሻው አየሁት። ቀንድ አውጣዋ ጨው ውስጥ ገባች፣ ቀለጠች፣ ፊልሙም አለቀ። ከሁሉ የገባኝ ይህ ብቻ ነው። ለቀንድ አውጣ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? ሰውየውን እወዳቸዋለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ግቢው አግዳሚ ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

"እህ? ተሻገረች?"

"ወንዙ ጋ ስትደርስ መብራት ጠፋብኝ፣ ጋሼ።"

ስልክ በባትሪ እንደሚሠራ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"መብራት እንደሆነ ልማዱ ነው" አሉ። "በል ተቀመጥ። ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ምን ሆነ መሰለህ..."