ረስት የሚጽፈው ጓደኛዬ

ስክሪን በጠቆረባቸው ቁጥር ሌላ ኮምፒውተር ካልገዛን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ቁጭ ብሎ መፍትሔውን የሚጽፍ ሰውስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ አግኝቻለሁ፤ የዶርም ጓደኛዬ ታደለ ነው። ያረጁ ኮምፒውተሮች ምስል በትክክል እንዲያሳዩ የሚያደርግ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም፣ ረስት በተባለ ቋንቋ ይጽፋል። ምሳ ሲበላም ስለ ረስት ያወራል። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝና ባይገባኝም በአክብሮት ራሴን እነቀንቃለሁ።

ወሬው የታደለ ቤተሰቦች ያሉበት አዘና ደረሰ፤ ግን ተጣሞ። ባለፈው ቅዳሜ አባቱ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«እኔ ሳልሞት ርስት? ከወንድሞችህ ልትካሰስ ነው? በል ዕቃህን ያዝ፤ ትምህርቱ ይቅር!»

«አባባ፣ አይቆጡ። ረስት እኮ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። እያንዳንዷ የሜሞሪ ቦታ አንድ ባለቤት አላት። የተዋሰ ይመልሳል፤ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ አያርሳትም። ድንበር ከገፋሁ ቋንቋው ራሱ ሥራህን አልቀበልም ይለኛል።»

«ያለ ሽማግሌ?»

«ያለ ሽማግሌ።»

አባቱ ተቀመጡ። «ታዲያ ሥራህ ሲያልቅ የማን ይሆናል?»

«የሁሉም። ማንም በነጻ ይወስደዋል፤ ያሻሽለዋል።»

ዱላቸውን ይዘው ተነሡና፣ «በል ተማር» አሉት። «ክረምት ስትመጣ ግን ለእነዚያ በድንበር ለሚጣሉ ወንድሞችህ ይህን ቋንቋ አስተምርልኝ።»